የማስተማር ብቃት በምን ይታወቃል?
በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች ከሚሰጠው የዩኒቨርሲቲ ትምህርት አንጻር የቀረበ ሒስ

በየመንፈቁ ማብቂያ ላይ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ቅጽ ለተማሪዎች ይታደላል። ቅጹ ከተቋም ተቋም በጥቂቱ ይለያይ እንጂ ጠባዩ አንድ ነው። መምህሩ በሰዓቱ ይገባልን? የትምህርቱን ዓላማ አስቀድሞ ያስረዳልን? ድምፁ ይሰማልን? ለጥያቄ ጊዜ ይሰጣልን? ፈተናው ካስተማረው ጋር ይጣጣማልን? ተማሪው ከ1 እስከ 5 ካሉት ቁጥሮች አንዱን ይመርጣል፤ ቁጥሮቹ ተደምረው ይካፈላሉ፤ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊና የሥራ ባልደረቦች በየበኩላቸው የሰጡት ነጥብ ይታከልበታል፤ በመጨረሻም አንድ ቁጥር ይገኛል። በብዙዎቹ ተቋማት ተለምዶ የቆየው ክፍፍል ለተማሪዎች 50፣ ለኃላፊው 35፣ ለባልደረቦች 15 ከመቶ የሚሰጥ ነው። በመምህሩ የግል ማኅደር ውስጥ ስለ ማስተማሩ የሚናገረው ዋነኛው ምስክር ይኸው ቁጥር ነው። ሙያው ማስተማር ለሆነ ሰው ይህ ምስክርነት ማነሱ ሊያስገርም በተገባ ነበር፤ ነገር ግን ከመለመዱ የተነሣ የሚገረም የለም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቅጹ ይቅር ለማለት አይደለም። ቅጹ የሚያየው ምን እንደ ሆነ፣ ሳያይ የሚያልፈውስ ምን እንደ ሆነ መመርመር ነው። ለዚህ ምርመራ ከጅማ የበለጠ አመቺ ስፍራ ማግኘት ያዳግታል፤ ምክንያቱም በዚያ የሚገኘው ከፍተኛ ትምህርት ከአመሠራረቱ ጀምሮ ተማሪውን ከአዳራሽ ወደ ውጭ ማውጣትን እንደ ዋና ሥራ የቆጠረ በመሆኑ ነው።

የጅማ የእርሻና የቴክኒክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1952 ሲከፈት በአሜሪካው የኦክላሆማ የእርሻና የሜካኒክ ኮሌጅ ይታገዝ ነበር። በኋላ ወደ ዓለማያ የተዛወረው የእርሻ ኮሌጅም የመጀመሪያ ተማሪዎቹን የተቀበለው በዚሁ በጅማ ነው። እንደ ኦክላሆማ ያሉ ኮሌጆች ማስተማርን፣ ምርምርንና ለገበሬው የሚደረገውን የኤክስቴንሽን አገልግሎት አስተባብረው የሚሠሩ ነበሩ፤ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሥራ በሦስት ተከፍሎ የሚቆጠርበት ልማድም ከዚህ ሥርዓት ጋር ዝምድና አለው። እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው የጅማ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ደግሞ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መመሪያው አደረገ። ሁለቱ ተቋማት ተዋሕደው በታኅሣሥ 1992 ዓ.ም. ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት ይኸው መመሪያ የመላው ዩኒቨርሲቲ መለያ ሆነ። በቡድን ሥልጠናው የሕክምና፣ የጤና መኮንንነት፣ የነርስነት፣ የላቦራቶሪ፣ የፋርማሲና የአካባቢ ጤና ተማሪዎች በአንድነት ተዋቅረው እንደ አጋሮ፣ ሸቤና አሰንዳቦ በመሳሰሉት ከተሞች ባሉ ጤና ጣቢያዎች ይሰማራሉ። ከነዋሪው ጋር ተገናኝተው ችግሩን ያጠናሉ፤ ቅደም ተከተል ያወጣሉ፤ ከዐቅማቸው በማይበልጠው ላይ ይሠራሉ።

እንግዲህ በዚህ ዓይነት ስፍራ ጥሩ ማስተማር ምን እንደሚመስል በአንድ ምሳሌ ማየት ይጠቅማል። አንድ መምህር በኅዳር ወር ከአሥር ተማሪዎች ጋር ወደ አጋሮ ሄዷል እንበል። ጊዜው ቀይ የቡና ፍሬ የሚለቀምበት ነው። መጠይቅ ይዘው ቤት ለቤት የዞሩት ተማሪዎች ብዙውን በር ዝግ ሆኖ ያገኙታል። ደካማው መምህር «ሰው የለም» ተብሎ እንዲመዘገብ ያደርጋል፤ ወይም ጎረቤት ተጠይቆ መጠይቁ ሲሞላ አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ጥሩው መምህር ግን ሲመሽ ተማሪዎቹን ሰብስቦ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃቸዋል፤ «ቤት ውስጥ ያገኛችኋቸው እነማን ናቸው?» ተማሪዎቹ መዝገባቸውን ሲያገላብጡ ያገኟቸው ሽማግሌዎች፣ ሕመምተኞች፣ አራሶችና የቡና መሬት የሌላቸው ሰዎች መሆናቸውን ይደርሱበታል። የሰበሰቡት አኃዝ የከተማዋን ጤና ሳይሆን ቡና ለቀማ ያልሄደውን ሰው ጤና የሚያሳይ ነው። ስለ ናሙና አወሳሰድ በአዳራሽ ለሦስት ሰዓት ቢነገራቸው ይህን ያህል አይገባቸውም ነበር። በማግስቱ ሥራው ወደ ማታ ይዛወራል፤ ወይም ተማሪዎቹ ወደ ለቀማው ስፍራ ይሄዳሉ።

ከዚያው ሳይወጡ ሌላም ምሳሌ አለ። የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች የሚለቁት እጣቢና ገለፈት ወደ ወንዝ ሲገባ በውስጡ ያለው ስኳርና ሌላው ብስባሽ የውኃውን ኦክስጅን ያሟጥጣል፤ ከታች ያለው ነዋሪም ሽታውን ያውቀዋል። ተማሪዎቹ በሐምሌ ውኃ ቀድተው ቢመረምሩ ችግሩን ላያገኙት ይችላሉ፤ መፈልፈያው የሚሠራው በምርት ወቅት ብቻ ነውና። በኅዳር ቢመረምሩ ያገኙትና ጥፋቱን በሙሉ በባለጣቢያው ላይ ለመደምደም ይቸኩላሉ። እዚህ ላይ መምህሩ ሌላ ጥያቄ ይጨምራል፤ በጣቢያው የሚሠራው ማን ነው? ከወንዙ የሚቀዳውስ ማን ነው? አንድ ቤተሰብ ከጣቢያው ደመወዝ እየተቀበለ ከዚያው ወንዝ የሚጠጣ ከሆነ ተማሪው የሚሰጠው የጤና ምክር ምን ሊሆን ይገባል? በዚህ ላይ ከአማርኛ ሌላ የማያውቀው ተማሪ አፋን ኦሮሞ ከሚናገረው ጓደኛው ጋር ተጣምሮ እንዲሠራ ማድረግ፣ ተርጓሚው የነዋሪውን ቃል ሳያሳጥር እንዲያቀርብ መከታተል አለ። ይህ ሁሉ የማስተማር ሥራ ነው፤ እንዲያውም ከባዱ የማስተማር ሥራ ነው።

አሁን ወደ ቅጹ እንመለስ። «ድምፁ ይሰማልን?» ወንዝ ዳር ቆሞ ሆነ ብሎ ዝም ያለ መምህር ለዚህ ጥያቄ ስንት ያገኛል? «ዓላማውን አስቀድሞ ያስረዳልን?» ተማሪው ስሕተቱን ራሱ እንዲያገኝ የተወው መምህር ዓላማውን አስቀድሞ ቢያስረዳ ኖሮ ትምህርቱ በፈረሰ ነበር። ቅጹ አንድ ሰው በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ሌሎች ተቀምጠው የሚያዳምጡበትን ክፍል በሐሳቡ ይዞ የተዘጋጀ ነው። ለዚያ ክፍል ይበጃል፤ ቀሪ የሚያበዛውን፣ ፈተና ሳያርም የሚከርመውን፣ ተማሪ የሚያዋርደውን መምህር ያጋልጣል፤ ይህም ቀላል ጥቅም አይደለም። ነገር ግን ራሱን በማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት የሚያስተዋውቅ ተቋም የመምህሩን ብቃት ለአዳራሽ በተሰፋ ልብስ ሲለካ የገዛ መመሪያውን እንዳላመነበት ያስቆጥርበታል።

ቅጹ በአዳራሹም ውስጥ ቢሆን እንዴት ሊሳሳት እንደሚችል በሌላው ዓለም የተደረጉ ጥናቶች ያመለክታሉ። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት «ዶክተር ፎክስ» የሚል ስም የተሰጠው የቲያትር ተዋናይ ስለ ሒሳብና ስለ ሐኪሞች ትምህርት ቁም ነገር የሌለው ገለጻ በሚማርክ አቀራረብ ለምሁራን እንዲያደርግ ተደርጎ ነበር። አድማጮቹ፣ ከነሱም መካከል የሥነ አእምሮ ባለሙያዎችና መምህራን ይገኙ ነበር፣ በመጠይቁ ላይ መልካም ምስክርነት ሰጡት። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ የበለጠ ያሳስባል። በአሜሪካ አየር ኃይል አካዳሚ ተማሪዎች ለመምህራን የሚደለደሉት በዕጣ ስለ ነበር አጥኚዎቹ የየመምህሩን ውጤት ለማነጻጸር ችለዋል። በመጀመሪያው የካልኩለስ ትምህርት ከተማሪዎቻቸው ከፍ ያለ ነጥብ ያገኙት መምህራን ተማሪዎቻቸው በተከታዮቹ ትምህርቶች ዝቅ ያለ ውጤት እንዳመጡ ታይቷል። ተማሪው ዛሬ የወደደው መምህርና ነገ የጠቀመው መምህር ሁልጊዜ አንድ ሰው አይደሉም ማለት ነው።

ይህ ማለት ግን የተማሪው ቃል አይሰማ ማለት አይደለም። ተማሪው የሚያውቀውን ሊጠየቅ ይገባል፤ መምህሩ መጣ ወይስ አልመጣም፣ የሥራውን እርማት መለሰለት ወይስ አልመለሰለትም፣ አከበረው ወይስ ናቀው፤ ይህን ከተማሪው በላይ የሚያውቅ የለም። መምህሩ በሙያው ጠለቅ ያለ ዕውቀት አለውን የሚለውን ግን ገና ሙያውን በመማር ላይ ያለ ሰው እንዲመሰክር መጠየቅ ተማሪውንም መምህሩንም መበደል ነው።

የቀሩት 50 ነጥቦችስ? በመርሕ ደረጃ የሙያው ዳኛ ባልደረባ ነው። በተግባር ግን ባልደረባ የባልደረባውን ክፍል ገብቶ አያይም፤ ወደ ሸቤ ወይም ወደ አሰንዳቦ አብሮት አይሄድም። ሳያይ ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡም በይሉኝታ የተጻፈ ይሆናል፤ ዛሬ የሰጠ ነገ ይሰጠዋልና። ኃላፊውም ቢሆን የሚያውቀው መምህሩ በስብሰባ መገኘቱን፣ ውጤት በጊዜው ማስረከቡንና ትእዛዝ መቀበሉን ነው። እነዚህ ለአስተዳደር የሚጠቅሙ ነገሮች ናቸው፤ ማስተማር ግን አይደሉም። በዚህ አኳኋን ከመቶው ውስጥ 50ው ከማያየው ሰው የሚመጣ ሲሆን የቀረው 50 የሚመጣው ከፊሉን ብቻ ከሚያየው ነው።

ለዚህ ችግር መላው ከሩቅ አገር መምጣት የለበትም፤ ጅማ ራሷ ለሌላ ነገር ስትጠቀምበት ኖራለች። እ.ኤ.አ. በ1967 በመልኮ የተቋቋመው የምርምር ማዕከል የአገሪቱን የቡና ምርምር የሚያስተባብር ነው። የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ መታየቱ ሲታወቅ ተመራማሪዎቹ ጥሩ የሚባል ቡና ከተመቸ ማሳ አልመረጡም። በሽታው ወደ በረታባቸው ስፍራዎች ሄደው ጎረቤቶቹ ሁሉ ታመው ሳለ እርሱ ፍሬውን የያዘውን ዛፍ ፈለጉ። ዛሬ ገበሬው እንደ ዘበት 74110 ወይም 74112 እያለ የሚጠራቸው ዝርያዎች ስማቸውን ያገኙት ከዚያ ምርጫ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ዓመቱን ያመለክታሉ። ከተመረጡም በኋላ ወዲያው አልተሰጡም፤ ዘራቸው በልዩ ልዩ ስፍራ ተተክሎ ተፈተነ።

የቡና ደረጃ አወጣጥም ትምህርት አለው። በምርት ገበያው አሠራር ለጥሬው ቡና መልክ 40፣ ለቅምሻው 60 ከመቶ ይያዛል። ናሙናው የባለቤቱ ስም ሳይገለጽ በመለያ ቁጥር ይቀርባል፤ የሚቀምሱት የሠለጠኑ ቀማሾች ናቸው፤ ጉድለት ሲገኝም የጉድለቱ ዓይነት ይጻፋል። መምህርን ከቡና ጋር ማነጻጸር ለአንዳንድ አንባቢ ቀልድ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ለአንድ ጆንያ ቡና ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚደረግባት አገር ብዙ ሺህ ወጣቶችን ለሚያወጣ መምህር አንድ ቅጽ ይበቃል ማለቷ ቀልድ አይደለም። በሁለቱም ልምዶች ውስጥ ያለው ቁም ነገር አንድ ነው፤ ብቃት የሚታየው በምቹ ሁኔታ ሳይሆን በአስቸጋሪው ነው፤ የሚፈርደውም ሙያውን የሚያውቅና የፈረደበትን ምክንያት የሚጽፍ ሰው ነው።

ጉዳዩ ከክብር ባለፈ ለምን እንደሚያሳስብ ለመረዳት የማዕረግ ዕድገትን መመልከት ያሻል። ከሌክቸረር ወደ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ከዚያም ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰርና ወደ ፕሮፌሰር ለማደግ የማስተማር ነጥብ ቢጠየቅም ከተወሰነው ወለል በላይ መሆኑ ብቻ ይበቃል፤ ሚዛኑን የሚደፋው በመጽሔት የታተመው የምርምር ጽሑፍ ነው። ወለሉን ደግሞ ከላይ በተገለጸው አኳኋን ሁሉም ሰው ሊያልፈው ይችላል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከምርምር ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ሆኖ መመደቡ ይህን ዝንባሌ እንደሚያጠናክረው አያጠራጥርም። እንግዲህ አንድ ወጣት መምህር በአጋሮ ከተማሪዎቹ ጋር ሁለት ሳምንት ቢያሳልፍ የሚያገኘው ምንድን ነው? ምናልባት ድካምና የቀነሰ የተማሪ ነጥብ። ያን ጊዜ ጽሑፍ ሲጽፍበት ቢያሳልፍስ? ዕድገት። ይህን ስሌት ያወቀ መምህር ተማሪዎቹን በመኪና ልኮ ራሱ ጅማ ቢቀር የሚወቀሰው እርሱ ብቻ አይደለም። ምርምርና ማስተማር ጠላቶች ስለ ሆኑ አይደለም፤ አሜሪካዊው ኧርነስት ቦየር እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው ሥራ ማስተማር ራሱ ከምሁርነት ዘርፎች አንዱ ሆኖ እንዲቆጠር የጠየቀው ይህንኑ መሰል መዛባት በአገሩ ስላየ ነበር።

የዩኒቨርሲቲዎች መበራከት ደግሞ ነገሩን አጣዳፊ አድርጎታል። በ1980ዎቹ መጨረሻ በጣት ይቆጠሩ የነበሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ ከ40 በላይ ሆነዋል። ትናንት የተመረቀ ወጣት ዛሬ በረዳት ምሩቅነት ብዙ ተማሪ ፊት ይቆማል። ከእርሱ የተማረው ደግሞ ነገ በሊሙ ወይም በጎማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ወይም ሒሳብ ያስተምራል። ወጣቱ ጥሩ ማስተማር ምን እንደ ሆነ የሚማረው ከማን ነው? በትምህርት ክፍሉ ውስጥ ጥሩ አስተማሪው ማን እንደ ሆነ በሹክሹክታ ይታወቅ ይሆናል፤ በጽሑፍ ግን የለም፤ ያልተጻፈም አይወረስም።

በጥንቱ ሥርዓት ይህ ችግር አልነበረም ቢባል ማጋነን ይሆናል፤ ሆኖም የመምህር ብቃት የሚታይበት መንገድ ግልጽ ነበር። የቅኔ ተማሪ ከመምህር መምህር እየተዘዋወረ በእግሩ ይመርጥ ነበር፤ መምህሩም የሚታወቀው ደቀ መዝሙሩ በሌላ ጉባኤ ቆሞ በሚያሰማው ቅኔ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 በነገሡት በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመንም ጅማ የእስልምና ትምህርት ማዕከል ስለ ነበረች ተማሪዎች ከሌላ አገር ይመጡባት ነበር። ሼኩ ለተማሪው ምስክርነት ሲሰጡ ማን እንዳስተማረው አብሮ ይነገራል፤ የተማሪው ጉድለት ወደ መምህሩ ስም ይመለስ ነበር። ዛሬ የተማሪው ዲፕሎማ የመምህሩን ስም አይዝም።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ይህን ይተካል ብለው የሚያስቡ ዕቅድ አውጪዎች አሉ። ፈተናው ከግቢ ውጭ የሚዘጋጅ በመሆኑ ከይሉኝታ ነጻ ነው። ነገር ግን አንድ ተማሪ ወደ ፈተናው የሚቀርበው በብዙ መምህራን እጅ አልፎና ከቤቱና ከትምህርት ቤቱ ያመጣውን ይዞ ስለ ሆነ ውጤቱን ለአንዱ መምህር መስጠት አይቻልም። ደግሞም የዝግ በሮችን ትርጉም በምርጫ ጥያቄ መፈተን አስቸጋሪ ነው።

የተሻለው መንገድ መምህሩ ራሱ ማስረጃውን እንዲያቀርብ ማድረግ ነው። የካናዳ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ ያስፋፋው የማስተማር ማኅደር በዚህ ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ነበር። ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ለመምህራን አሠልጣኞች የተጀመረውና በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች የተስፋፋው የሃየር ዲፕሎማ ፕሮግራም ሠልጣኙ ስለ ገዛ ማስተማሩ እንዲያሰላስል፣ የተግባር ምርምር እንዲያደርግና ሥራውን በማኅደር እንዲያጠራቅም ይጠይቃል። የሚያሳዝነው ሥልጠናው ሲያልቅ ማኅደሩም አብሮ ማለቁ ነው፤ ምስክር ወረቀቱ ይሰጣል፣ ማኅደሩ መደርደሪያ ላይ ይቀራል፣ የዕድገት ኮሚቴም አያነበውም።

ማኅደሩ ወፍራም መሆን የለበትም፤ ወፍራም ከሆነ የሚያነበው አይገኝም፣ ከጓደኛ የተቀዳ ወረቀትም ይሞላበታል። ከአንድ መንፈቅ ትምህርት የተወሰደ አንድ ያልተሳካ ሥራና መምህሩ ያረመበት መንገድ፣ ከመካከለኛ ተማሪ የተወሰዱ የመጀመሪያና የመጨረሻ ሥራዎች ከነእርማታቸው፣ አንድ ባልደረባ በአዳራሽ አንድ ጊዜ በመስክም አንድ ጊዜ ተገኝቶ ያየውን የጻፈበት ሁለት ገጽ፣ የተማሪዎች መጠይቅ ውጤት፤ ይህ ይበቃል። የመካከለኛው ተማሪ ሥራ የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ጎበዙ ተማሪ ያለ መምህርም ይማራል። ታዛቢው ባልደረባ ከሌላ ትምህርት ክፍል ቢሆን ይሉኝታው ይቀንሳል። የመስኩ ሥራ ሲሆን ደግሞ ከጤና ጣቢያው ወይም ከትምህርት ቤቱ ኃላፊ አንድ ጥያቄ መጠየቅ አለበት፤ ተማሪዎቹ ያጠኑት ጥናት ተመልሶ ደርሷችኋልን?

ጊዜ ይፈጃል የሚለው ተቃውሞ እውነት አለው። አሥር ማኅደር ማንበብ የአንድ ኮሚቴ የብዙ ቀን ሥራ ነው፤ ወደ ሸቤ ወርዶ የባልደረባን ሥራ ማየትም መኪናና አበል ይጠይቃል። ስለዚህ ነገሩ በሁሉም ላይ በአንድ ጊዜ ባይጫን ይመረጣል። የማዕረግ ዕድገት የሚጠይቁት ብቻ፣ ያውም በመጀመሪያው ዓመት የቡድን ሥልጠናውን የሚመሩት ብቻ ቢያቀርቡ የወጪውም መጠን ይታወቃል፣ ቅጹ ከሚሰጠው ቁጥር ጋር የሚጋጭ ፍርድ ስንት ጊዜ እንደሚገኝም ይታያል። ጊዜውም በክረምት ሳይሆን በኅዳር፣ ቤቶቹ በሚዘጉበት ወቅት ቢሆን ይሻላል።